ለአውሮፕላን ማረፊያ የተዘጋጀ ሙዚቃ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከወዳጆቻችን ጋራ ተቀምጠን አንድ የሙዚቃ ሸክላ ለመስማት ተሰናድተን ነበር። ሸክላውን ከማጫወቻው ላይ አኑረን መርፌውን እንዳሳረፍነው ዝናሙ ወረደና የቆርቆሮውን ጣራ ይደበድበው ጀመር። ሸክላው ይዞራል፤ ሙዚቃው ግን አይሰማም። ከመካከላችን አንዱ ድምፁን ከፍ ሊያደርግ እጁን ሰነዘረ፤ ሌላው ግን «ተወው፥ ዝናሙ ያባራል» አለው። እንደ ተባለውም ዝናሙ እየሳሳ ሄደ። በዚያን ጊዜ ከጠብታው መካከል አንድ የፒያኖ ድምፅ ተሰማ፤ ቆየት ብሎ ሌላ ተከተለው፤ ከዚያም ዝም አለ። ሙዚቃው ከዝናሙ በታች ሲጓዝ መቆየቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ መቼ መስማት እንደ ጀመርን ግን ለመናገር የቻለ አልነበረም።

ሸክላው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ በ1978 ያወጣው «ሙዚቃ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች» የተባለው ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግጥም የለበትም፤ ከበሮ የለበትም፤ ተጀምሮ የሚፈጸም ዜማም የለበትም። ጥቂት የፒያኖ ድምፆች፥ ያለ ቃል የሚንቆረቆር የሴቶች ድምፅ፥ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ የወጣ ረጅም ድምፅ፥ በእነዚህም መካከል ብዙ ዝምታ አለ። አራቱ ክፍሎች ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ በሸክላው ገጽና በተራቸው ቁጥር ብቻ ይጠራሉ። ደራሲው ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ «አምቢየንት» የሚል ስም ሰጠው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ዙሪያውን መክበብን ያመለክታል፤ እኛም «ከባቢ ሙዚቃ» ብለን እንጠራዋለን።

አንባቢያችን «ታዲያ ይህ ሙዚቃ ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ያን ማታም ከመካከላችን እንዲሁ ያለ ነበር። ጥያቄውን በክርክር ከመመለስ ይልቅ ታሪኩን መተረክ ይሻላል ብለን አሰብን። ብዙዎች የዚህን ሙዚቃ ታሪክ የመሣሪያ ታሪክ አድርገው ይተርኩታል፤ ይኸውም የትኛው መኪና በየትኛው ዓመት ተፈለሰፈ እያሉ ነው። መሣሪያውን እኛም ሳናነሣ አናልፍም። ነገር ግን ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው ጉዳይ፥ ሙዚቃ የሚያሰማው ሰው ከሚሰማው ሰው ምን ይፈልጋል የሚለው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፓሪስ ነው። ኤሪክ ሳቲ (1866–1925) የተባለው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1917 «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» የሚል አሳብ አወጣ። ወንበርና መብራት በቤት ውስጥ ሳሉ ማንም አትኩሮ እንደማያያቸው ሁሉ፥ ሰው ሳያዳምጠው ቤቱን የሚሞላ ሙዚቃ ይኑር ማለቱ ነበር። አሳቡንም በማርች 8 ቀን 1920 ከወዳጁ ከዳርዩስ ሚዮ ጋራ በአንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ሞከረው። በዚያ የማክስ ዣኮብ ድርሰት የሆነ ቲያትር ይታይ ነበርና፥ በዕረፍቱ ሰዓት ሙዚቀኞቹ በአዳራሹ ልዩ ልዩ ማእዘን ተበታትነው ተቀመጡ። ተመልካቾቹም ሙዚቃውን ከወንበር አስበልጠው እንዳይቆጥሩት አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ሙዚቃው ሲጀመር ግን ሰዎቹ ጨዋታቸውን ትተው ወደየቦታቸው ተመለሱና ጸጥ ብለው ያዳምጡ ጀመር። ሚዮ እንደ ተረከው፥ ሳቲ በመካከላቸው እየተዘዋወረ እንዲነጋገሩ፥ እንዲመላለሱ፥ እንዳያዳምጡ ቢጮኽም የታዘዘለት አልነበረም።

ይህን ስናነብ መሳቃችን አልቀረም። ይሁን እንጂ በዚያ አዳራሽ የሆነው ነገር ቁም ነገር አለበት። «አዳምጥ» ብሎ ማዘዝም፥ «አታዳምጥ» ብሎ ማዘዝም ያው ማዘዝ ነው። የፓሪስ ሰዎች ለትእዛዙ አልተመቹም።

ሳቲ ያላገኘውን መታዘዝ ሌሎች በሌላ መንገድ አገኙት። ጆርጅ ኦወን ስኩዋየር የተባለው የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጄኔራል፥ ሙዚቃን በኤሌክትሪክ ሽቦ ወደየቤቱ የማስተላለፍ ብልሃት አሰበ። በየቤቱ ግን ራዲዮ ቀደመው። ስለዚህ ድርጅቱ ፊቱን ወደ ሆቴልና ወደ ምግብ ቤት፥ በኋላም ወደ ፋብሪካና ወደ መሥሪያ ቤት አዞረ። በ1934 ደግሞ «ሚዩዚክ» የሚለውን ቃል ከ«ኮዳክ» ጋራ አዳቅሎ «ሚዩዛክ» የሚል ስም ወጣለት። ጄኔራሉ በዚያው ዓመት ሞተ።

በ1940ዎቹ ዓመታት የዚህ ድርጅት ሙዚቃ በሥርዓት ተከፋፈለ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ ይሰማል፤ የዜማው ፍጥነትና ጉልበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ከዚያም አሥራ አምስት ደቂቃ ዝም ይላል። ዓላማውም ሠራተኛው በሚደክምበት ሰዓት ጉልበቱን ማነሣሣት ነበር። በእንግሊዝ አገርም በጦርነቱ ዘመን፥ ከጁን 1940 ጀምሮ፥ ቢቢሲ ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚሆን ሙዚቃ በየዕለቱ ያሰማ ነበር። በአሳንሱር ውስጥ፥ በገበያ አዳራሽ፥ በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል የምንሰማው ለስላሳ ዜማ ሁሉ የዚህ ሥራ ዘር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይህን ሥራ በጠቅላላው ክፉ ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኩልም። ለሰለቸው ሠራተኛ ዜማ ማሰማት ደግ ነገር ነው፤ ሥራና ዘፈንም ከጥንት አብረው የኖሩ ናቸው። ነገር ግን በደቦ አጨዳ ላይ የሚያወርደውም የሚቀበለውም አጫጁ ራሱ ነው፤ ሲደክመው ዜማውን የሚያቀዘቅዘው፥ ሲበረታም የሚያፋጥነው እርሱ ነው። በፋብሪካው ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ከሩቅ የተቀመጠ፥ ሠራተኛውን የማያውቅ ሰው ነው። ሠራተኛው አላዳምጥም ለማለት አይችልም፤ እንዳያዳምጥ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ምን እንደ ሠራበት እንኳ አያውቅምና። የሚከነክነን ይህ ነው።

ከዚህ ጋራ አብሮ የሚጓዝ የሌላ መንገድ ታሪክ አለ፤ እርሱም የመቅረጫው ታሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከፓሪስ ከ1948 ይጀመራል። ነገር ግን ሐሊም ኤል ዳብ (1921–2017) የተባለው ግብፃዊ፥ በትምህርቱ የእርሻ ሰው የነበረ፥ በ1944 በካይሮ ከራዲዮ ጣቢያ የተዋሰውን በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ይዞ ወደ አንድ የዛር ሥርዓት ገባ። ዛር እኛም አገር በዚሁ ስም የሚታወቀው ነው። ኤል ዳብ የሴቶቹን ዜማ ከቀረጸ በኋላ ወደ ራዲዮ ጣቢያው ተመልሶ፥ ድምፁን በክፍሉ ውስጥ እያስተጋባ ቃሉና ምቱ እስኪደበዝዝ ድረስ ለወጠው። የቀረው ከዘፈኑ በኋላ በክፍል ውስጥ የሚንሳፈፍ የሚመስል የድምፅ ጭጋግ ነው። ከዚህ ሥራ ዛሬ የሚሰማው ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆንም፥ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ከወጣው ከኢኖ ሸክላ ጎን ቢያኖሩት እንግዳ አይሆንም።

የዚህን ሰው ስም የሚያውቁ የአገራችን የሙዚቃ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ኤል ዳብ ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባ ኖሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963ም ማሲንቆን፥ ክራርን፥ በገናንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። ማሲንቆና ክራር ይዘው ከፊቱ የተቀመጡት ተጫዋቾች፥ መሪያቸው ከዓለም አስቀድመው በመቅረጫ ሙዚቃ ከሠሩት አንዱ መሆኑን ያውቁ እንደ ነበር ለማወቅ በወደድን ነበር።

ወደ ፓሪስ እንመለስ። በፈረንሳይ ራዲዮ ይሠራ የነበረው ፒየር ሼፌር በ1948 የባቡር ድምፅ በሸክላ ቀርጾ፥ ከዚያ ሙዚቃ ሠራ። ከብልሃቶቹም አንዱ የተዘጋ ቦይ ነው። መርፌው በሸክላው ላይ እየዞረ ወደ ውስጥ በመጓዝ ፋንታ በአንድ ክብ ቦይ ውስጥ ተይዞ፥ ያንኑ ድምፅ ያለ ማቋረጥ ይደጋግመዋል። ቴፕ በተገኘ ጊዜ ይኸው ነገር ቀለለ፤ የቴፑን ጫፍና ጫፍ አጣብቆ ቀለበት ማድረግ ይበቃል። አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ በ1965 የአንድ ሰባኪ ድምፅ ያለባቸውን ሁለት ተመሳሳይ ቀለበቶች በሁለት መኪናዎች ላይ አዞረ። መኪናዎቹ ፍጥነታቸው ትክክል ስላልነበረ ሁለቱ ድምፆች ቀስ በቀስ ተለያዩ፤ ከመለያየታቸውም ማንም ያልጻፈው ሙዚቃ ተወለደ።

ስለ ጆን ኬጅ ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ አንድ ነገር ብቻ እንጠቅሳለን። በኦገስት 29 ቀን 1952፥ በኒው ዮርክ ግዛት በዉድስቶክ፥ ዴቪድ ቱዶር የተባለው ፒያኖ ተጫዋች በኬጅ ትእዛዝ ለአራት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሰከንድ አንድም ድምፅ ሳያሰማ ተቀመጠ። ኬጅ በኋላ እንደ ተናገረው፥ በመጀመሪያው ክፍል የውጭው ነፋስ፥ በሁለተኛው በጣራው ላይ የወረደው ዝናም ይሰማ ነበር፤ በሦስተኛውም የሚነጋገሩትና እየተነሡ የሚወጡት ሰዎች ራሳቸው ይሰሙ ነበር።

እንግዲህ ዝናሙ ወደ ኢኖ ይመራናል። ብራያን ኢኖ በ1948 በእንግሊዝ አገር በሰፎክ ተወለደ። የተማረው በሥዕል ትምህርት ቤት ነው፤ ራሱንም ሙዚቀኛ ያልሆነ ሰው ብሎ ይጠራ ነበር። ሮክሲ ሚዩዚክ ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ጋራ እስከ 1973 ሠርቶ ከተለያቸው በኋላ፥ በጃንዩወሪ 1975 ለንደን ላይ ታክሲ ገጨውና አልጋ ላይ ዋለ። በዚያን ጊዜ ጁዲ ናይለን የምትባል አሜሪካዊት ዘፋኝ ወዳጁ፥ የአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የበገና ሙዚቃ ያለበት ሸክላ ይዛ ልትጠይቀው መጣች። ከዚህ በኋላ የሆነውን የሚናገሩ ምስክሮች ሁለት ናቸው፤ ቃላቸውም አይስማማም።

ኢኖ በዚያው ዓመት ባወጣው ሸክላ ሽፋን ላይ እንደ ጻፈው፥ ናይለን ከሄደች በኋላ እርሱ በብዙ ጭንቅ ተነሥቶ ሸክላውን አስነሣና ተመልሶ ተኛ። ከተኛ በኋላ ግን የማጉያው ድምፅ እጅግ ዝቅ ማለቱን፥ ከሁለቱም ድምፅ ማውጫዎች አንዱ መበላሸቱን አወቀ። እንደ ገና ለመነሣት አቅም አልነበረውም። እንዲሁ ተጋድሞ ሳለ ሙዚቃው የክፍሉ ብርሃንና የዝናሙ ድምፅ ክፍል ሆኖ ተሰማው፤ ይህም ለእርሱ አዲስ የመስማት መንገድ ሆነ።

ናይለን ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሰጠችው ቃል ነገሩ በስሕተት የተገኘ አይደለም አለች። ዝናሙ ይዘንም ነበር፤ ሸክላውን ያስነሣችው እርሷ ናት፤ የገመዱን ድምፅ ከዝናሙ ድምፅ ጋራ ለማመጣጠን ማጉያውን ያስተካከለችው እርሷ ናት፤ እርሱም የምትሠራውን ወዲያው ስለ ተረዳ በማመጣጠኑ አገዛት።

ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያገኝ ከሁለቱ አንዱን ውሸታም ለማድረግ መቸኰል የለበትም፤ በመኝታ ላይ ያለ ሰውና ጠያቂው አንዱን ቀን ለየቅል ያስታውሱታል። ኢኖም የናይለንን ስም አልደበቀም፤ ሸክላውን ያመጣች ብቻ አድርጎ አስቀራት እንጂ። እኛ ግን ወደ እርሷ ቃል እናዘነብላለን። ምክንያታችንንም አንሸሽግም፤ በእኛ ክፍል ድምፁ ዝቅ እንዳለ የቀረው በአጋጣሚ አልነበረም፤ «ተወው» ያለ ሰው ስለ ነበረ ነው። የአጋጣሚው ተረት ያማረ ስለ ሆነ በየመጽሐፉ ተደጋግሞ ሲጻፍ፥ የአንዲት ሴት እጅና ጆሮ ከታሪኩ ወጥቷል።

ኢኖ በዚያው በ1975 ሁለት ቴፕ መቅረጫዎችን አጣምሮ ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አወጣ። የመጀመሪያው መኪና የቀረጸው ድምፅ በቴፑ ተጉዞ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ይሰማል፤ እንደ ገናም ወደ መጀመሪያው ይላካል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ይደበዝዛል። ደራሲው ጥቂት ድምፅ ከሰጠ በኋላ የቀረውን የሚሠራው መኪናው ነው።

ዋናው ሥራ ግን የመጣው ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ኢኖ በጀርመን አገር በኮሎኝና ቦን ማረፊያ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ሕንፃው ያማረ ነው፤ የሠራው አርክቴክት ፓውል ሽናይደር ኤስሌበን ነው፤ ልጁም ፍሎርያን ክራፍትቬርክ የተባለውን የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ጓድ ካቋቋሙት አንዱ ነው። በዚህ ባማረ ሕንፃ ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃ ግን ለቦታው የማይመጥን ነበር። ኢኖም ለእንዲህ ያለ ቦታ ምን ዓይነት ሙዚቃ ይሆናል ብሎ አሰበ። የበረራ ማስታወቂያ ሲነገር ቢቋረጥ የማይጐዳ፥ የሰው ንግግር ከሚሰማበት ከፍታና ፍጥነት ውጭ የሚሄድ፥ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የሚነጋገሩበት መሆን አለበት። ከዚህም በላይ ሰው ስለማይናገረው ነገር አሰበ፤ አውሮፕላን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ በልቡ ሞትን ያስባል። የማረፊያው ለስላሳ ዜማ «አይዞህ፥ ምንም አይደርስብህም» እያለ ይሸነግለዋል፤ እርሱ ግን ሰው ሞቱን እንኳ በርጋታ እንዲያስብ የሚያደርግ ሙዚቃ ፈለገ።

የመጀመሪያውን ክፍል ያገኘው ከተቀረጸ ቴፕ ውስጥ ነው። አራት ሙዚቀኞች በእስቱዲዮ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ይጫወቱ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ሮበርት ዋያት ነው። እርስ በርሳቸው በደንብ አይሰማሙም ነበር። በኋላ ኢኖ ቴፑን ሲመረምር፥ ሁለት ፒያኖዎች አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ተገናኝተው የተስማሙበት አጭር ቦታ አገኘ። ያንን ቆርጦ ቀለበት አደረገው፤ ፍጥነቱንም በግማሽ ቀነሰው። ያን ማታ ከዝናሙ መካከል የሰማነው የፒያኖ ድምፅ ይህ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከሴቶች ድምፅ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ አንድ ረጅም ኖታ ብቻ ይዟል፤ እያንዳንዱም በየራሱ ቀለበት ላይ ይዞራል። ቀለበቶቹ ረጃጅሞች ስለ ነበሩ፥ ከኮሎኝ አቅራቢያ ባለው በኮኒ ፕላንክ እስቱዲዮ ውስጥ ከአሉሚንየም ቱቦ በተሠሩ ወንበሮች እግር ዙሪያ ተጠምጥመው ይዞሩ ነበር። (ሳቲ ሙዚቃን ወንበር ሊያደርግ ደክሞ አልሆነለትም፤ እዚህ ግን ወንበሩ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ።) ኢኖ በ1996 በሰጠው ንግግር በግምት እንደ ተናገረው፥ አንዱ ድምፅ በየ23 ሰከንድ ተኩል፥ ሁለተኛው በየ25 ሰከንድ ከ7/8፥ ሦስተኛው በየ29 ሰከንድ ከ15/16 ይመለሳል። እኛ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ብቻ ወስደን በእርሳስ አሰላናቸው። ሦስቱ ድምፆች አንድ ጊዜ አብረው ከጀመሩ፥ እንደ ገና በአንድ ቅጽበት አብረው እስኪጀምሩ ድረስ 27 ቀን ሊሞላ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ የጐደለው ጊዜ ያልፋል። በሸክላው ላይ የተቀረጸው ግን ከዘጠኝ ደቂቃ አይበልጥም። ስለዚህ የምንሰማው ሙዚቃ፥ ሳንሰማው ከሚያልፈው ሙዚቃ ላይ በመስኮት የታየ ያህል ነው።

ኢኖ በሸክላው ሽፋን ላይ በጻፈው ማስታወሻ ከሚዩዛክ የሚለይበትን ሳይሸሽግ አስረዳ። ያኛው የቦታውን ጠባይ ሁሉ ሸፍኖ አንድ ዓይነት ያደርገዋል፤ ይህኛው ጥርጣሬውንም ሳያጠፋ ቦታውን ያጐላዋል፤ ሰሚው አትኩሮ ቢያዳምጠውም፥ ችላ ቢለውም ይሆንለታል። ከሳቲም የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ አዳምጡም አታዳምጡም አላለም።

ሸክላው በ1980ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ ላጋርዲያ ማረፊያ በአንድ ሕንፃ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ። በ1998ም ባንግ ኦን ኤ ካን የተባሉት የኒው ዮርክ ሙዚቀኞች መኪናው የሠራውን በሰው እጅ መልሰው ተጫወቱት። የሚዩዛክ ስም በ2013 ከገበያ ወጣ፤ ሥራው ግን አልወጣም። ዛሬ ሰው ለመተኛት፥ ለማጥናት፥ ሥራ ለማፋጠን የሚያደምጠው ለስላሳ ድምፅ በእጅ ስልክ እየተመዘነ ይቀርብለታል፤ አብዛኛውም የኢኖን ስም ለብሶ የጄኔራሉን ሥራ የሚሠራ ነው። ተማሪዎቻችን በጆሯቸው ሰክተው ሲያጠኑበት እናያለን። ለምን እንደሚሰሙት ብንጠይቃቸው፥ እንዳይሰሙት ነው ብለው ይመልሳሉ።

ያን ማታ ሸክላውን ገልብጠን ሁለተኛውን ገጽ ስናስነሣ ዝናሙ ፈጽሞ አባርቶ ነበር። ከጣራው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ቀርቷል፤ ከጎረቤትም አንድ ሰው በሩን ሲዘጋ ተሰማ። «ይህ ሙዚቃ ነውን?» ብሎ የጠየቀው ወዳጃችን ጥያቄውን አልደገመም፤ ተስማምቶም እንደ ሆነ አልነገረንም። ሙዚቃው አልቆ መርፌው በመጨረሻው ክብ ቦይ ውስጥ እየተመላለሰ ቀስ ብሎ ያንኳኳ ነበር። እጁን ዘርግቶ ያነሣው ሰው ሳይኖር ብዙ ቆየ።